ጣውንቴን ስቃኛት

ሙክታርዬ፣

ሰላምና የአላህ እዝነት ላንተ ይሁን። ሼኮቹ የመቃብር ሰው ሰላምታ ይሰማል፣ ይመልሳልም ይላሉ፤ መልሱን የማንሰማው እኛ ነን። እንግዲያውስ መልሰህልኛል ብዬ ልቀጥል። ያላንተ ሁለት ረመዳን ጾምኩ፤ ሦስተኛው ሊገባ ወር አልቀረውም። በመጀመሪያው ረመዳን ለኢፍጣር ሁለት ሳህን አቅርቤ አንዱን ሳይነካ መልሼ ያነሳሁበት ቀን ብዙ ነው። አሁን አንድ ሳህን ማውጣት ለምጃለሁ። ለመድኩ ስልህ ደግሞ እንዳትቀየም።

ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ጣራ ሥር ለኖረ ሰው ምን ተብሎ ይጻፋል? እኔ ከስፌት ማሽኔ ሆኜ እጮህብሃለሁ፣ አንተ ሰምተህ እንዳልሰማህ ትሆናለህ፤ ወሬያችን እሱ ነበር። አሁን ግን አንድ ነገር ሆነና አንተ ሳትሰማው መቅረቱ ከነከነኝ። ሌላ ሰው ቀድሞኝ ሳይነግርህ ራሴው ልንገርህ ብዬ ነው። የሰፈራችን የመጋላ ሰው እዚያም ሄዶ ወሬ እንደማይደብቅ አውቃለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የግቢው ኒም ዛፍ አድጎ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ተኝቷል፤ ይቆረጥ ሲሉኝ እምቢ አልኩ። በዚህ ሙቀት ጥላ የሚያስቆርጥ ሰው ጤነኛ አይደለም። የስፌት ማሽኔ ሞተር ተገጥሞለታል፤ እግሬ ግን አላመነም፣ ጨርቁ ሲሮጥ እሱም ባዶ ወለል ይረግጣል። ወንድምህ ኢድሪስ ሱቁን ለልጁ ትቶ ከመስጊድ ቤት፣ ከቤት መስጊድ ሆኗል። ጓደኛህ አዴር ጃማ ታይዋን ገበያ ውስጥ በዚያች ጠባብ ሱቁ ሬዲዮና ቴፕ ሲፈታ ይውላል። እጁ ግን መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ከበሮውን ትቷል። ሃያ ስንት ዓመት አብራችሁ ሰርግ ስትዞሩ ከበሮው ከእጁ አይለይም ነበር፤ አሁን ከሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አቧራውን እንኳ አያራግፍለትም።

ልጃችን ሂክማ ደግሞ አገባች። ዋናው ወሬ ይሄ ነው። ሦስት ሳምንት ሆናት።

አልጋ ላይ በዋልክባቸው በነዚያ የመጨረሻ ሳምንታት ሞቱን እንዳልፈራኸው አውቃለሁ። የመጋላን ሴት ልጅ ሁሉ ከአባቷ ቤት በዜማ ሸኝተህ የራስህን ሳትሸኝ መሄድህ ነበር ያንገበገበህ። አንድ ቀን ከሰዓት ጣራ ጣራውን እያየህ፣ «ፋጤ፣ ሂክማን ማን ይሸኛታል?» አልከኝ። ትራስህን አስተካከልኩልህ። ትራሱ ምንም አልሆነም ነበር። ያቺን ጥያቄ ሁለት ዓመት ተሸክሜያት ዞርኩ፤ ማሽኑ ላይ ስቀመጥ አብራኝ ትቀመጣለች፣ ስሰግድ አብራኝ ትሰግዳለች።

አንተ የምታውቀውን ልድገምልህ፤ መድገሙ ደስ ይለኛል። ማንዶላዋን ይዘህ የመጣህ ዕለት ሂክማ የስምንት ወር ሕፃን ነበረች። አንተ የባቡሩ ወርክሾፕ መካኒክ ነህ፣ ለሥራ ጅቡቲ ልከውህ ነበር። ጣቢያው ድረስ ሄጄ፣ ለልጅቷ ልብስ ለኔ ሽቶ ያመጣል ብዬ ስጠብቅ፣ አንተ አንድ ጥቁር ሣጥን በሁለት እጅህ አቅፈህ ወረድክ። ማንዶሊን ብርቄ አይደለም፣ ድሬም ሐረርም ሰርግ ቤት አይጠፋም። ይቺ የማንዶሊን ታላቅ እህት ናት አልከኝ። አንገቷ ረዘም፣ ድምጿ ወፈር ያለ፣ ሆዷ ድፍን እንጨት፤ በኤሌክትሪክ ካልሆነ ከዝንብ የማይሻል ድምፅ የምታወጣ። ስምንት ክር፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው አራት። ሽቶ የለም። ልብስም የለም።

ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ጣውንቴ አልኳት። ምን ላድርግ? የበሩን ማጠፊያ ጠግንልኝ ብዬህ ሦስት ወር ፈጅቶብሃል። የሷን ብርኩማ፣ ያቺን ክሮቹን ከሆዷ ከፍ አድርጋ የምትሸከመውን እንጨት፣ የፀጉር ታህል ለማንቀሳቀስ ግን የጁምዓ ከሰዓትህን በሙሉ ትሰጣት ነበር። እኔም ስልህ የነበረው፣ በሸሪዓው መሠረት ለሁለታችን እኩል ጊዜ ስጠን ነው። ትስቅና አንድ ጥንድ ትቃኛለህ።

ከዚያ ያቺ ዜማ መጣች። ስም አላወጣህላትም፤ ሰፈሩ «የመሸኛዋ» አላት። ሙሽሪት ከበር ስትወጣ ትጀምራለህ። ከእናቷ ጋር ሲተቃቀፉ ድምፁን ከፍ ታደርጋለህ። ለምን ብዬ ስጠይቅህ፣ ሲያለቅሱ ሰው እንዳይሰማባቸው፣ አልከኝ። ያን ቀን፣ አልዋሽህም፣ ጣውንቴን ትንሽ ወደድኳት። ፊት ለፊትህ ግን አላመንኩም።

እንግዲህ ጉዱን ስማ። ሂክማ አሥራ አራት ዓመት ገደማ ሳለች ማንዶላዋ ውስጧ ተቃጥሎ ሳቢያን ሰፈር ያለ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ሦስት ሳምንት እንደተኛች ታስታውሳለህ። በየቀኑ ከሥራ ወጥተህ እሷን ልትጠይቅ ትሄድ ነበር። ጎረቤታችን ሐሊማ ባልሽ የት ጠፋ ብትለኝ፣ ተናድጄ ስለነበር፣ ሳቢያን ጣውንቴ ጋ ነዋ፣ አልኳት። እኔም ረሳሁት። ለካ ሴትዮዋ ቀልድ አይገባትም! ለእህቷ ነገረች፣ እህቷ ለጀማው ነገረች፣ አሥር ዓመት ሙሉ እንደ ዳቦ እየተቆረሰ ሲታደል ኖሯል። ለለቅሶህ የመጡት ሴቶች ግቢውን ዓይን ዓይን ሲሉ የነበረው ለካ ሌላኛዋን ባልቴት ፍለጋ ነው። ለኔ ግን አንድ ሰው አልነገረኝም፤ አዝነውልኝ ነው አሉ።

የዛሬ አምስት ወር ገደማ የሙሽራው ሽማግሌዎች ከሐረር አራት ሆነው መጡ። ኢድሪስ ተቀበላቸው፣ እኛ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲህ ነን። ሁሉም በደህና ሄዶ ሳለ ጢማቸውን ሂና የቀቡ አንድ አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሟቹ ሳቢያን ሌላ ቤት እንደነበራቸው ሰምተናል፣ ከዚያኛዋ ሚስት የደረሰ ወንድ ልጅ ካለ ወሊይ ሆኖ መዳር የሚገባው እሱ ነው፣ ወንድም እያለ አጎት አይድርም፣ ኒካሁ እንዳይበላሽ አጣሩልን አሉ። ሕጉ ልክ ነው፤ የሌለው ሚስትየዋ ናት እንጂ።

የኢድሪስ ፊት አመድ መሰለ። እሱም ሰምቶ ኖሯል! ወንድሜ ደበቀኝ ብሎ ሁለት ዓመት በሆዱ ይዞብሃል፤ በሕልሙ ስትመጣበት ይቅርታ አስጠይቀው። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ ከዚያ ገባኝ፣ ከዚያ ሳቄ መጣ። አንተ ከሄድክ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ጎኔን እስኪወጋኝ፣ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ፤ ሂክማ ያበድኩ መስሏት ውሃ ይዛ መጣች። ሣጥኗን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩ፣ መጋረጃውን ገለጥኩ፣ መሐላቸው ምንጣፉ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት።

«ጣውንቴ ይቺውላችሁ» አልኳቸው። «ልጅ አልወለደችም።»

አዛውንቱ እሷንም እኔንም አዩ፤ ጢማቸውን ዳበሱ። ሰው ሳናጣራ አምተናል፣ እንግዲያውስ ለሰርጉ ትምጣና ድምጿን ሰምተን ለሰው እንመስክር አሉ። እኔም በሳቁ ስካር ላይ ሆኜ ትመጣለች አልኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እውነት ነው። እንግዶቹ ሲሄዱ ሂክማ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ እማ ቃል ገብተሻል፣ እኔ ኪቦርድ ምናምን አልፈልግም፣ ስወጣ የአባቴ የመሸኛዋ ትሁንልኝ፣ ካልሆነ በዝምታ እወጣለሁ አለች። እንዳንተው ናት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምትጨክነው።

ያን ጊዜ ነው ጣውንቴን በወጉ ያየኋት። ሁለት ክር ተበጥሷል፣ የቀሩት ዝገዋል፣ አንገቷ ጎብጧል፣ ገመዷን ሰክተው ሲያበሩት ከመጉረምረም በቀር ድምፅ የለም። ሁለት ዓመት ቆርቆሮው ሥር ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጬ በሙቀት ቀቅያታለሁ። አንተ አልጋ ሥር የምታስቀምጣት ለምን እንደሆነ ጠይቄህ አላውቅም ነበር።

ማን ይጫወታት የሚለውም ሌላ ጣጣ ሆነ። ሰርግ ላይ ኪቦርድ የሚመታ አንድ ጎበዝ መጥቶ አያት፤ ጣቴ እዚህ አይለምድም፣ ዜማውን በስልክ ቅጂልኝና እኔ በኪቦርድ አወጣዋለሁ አለ። ቅጂስ የት አለ? አንተ ማስቀረጽ አትወድ። አዴር ጃማ ጋ ሄድኩ። ዜማዋን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያታለሽ፣ እኔ ምቷን ነው የማውቀው፣ አለኝ። ስትሰፊ ስታንጎራጉሪያት ስንት ጊዜ ከበር ቆሜ ሰምቼሻለሁ፣ ራስሽ ተጫወቻት አለኝ። አቦ ተወኝ አልኩት። በዚህ ዕድሜዬ ባልቴት ሆኜ የሰርግ መሣሪያ አንጠልጥዬ ልቁም? ኢድሪስ ይሰማና ከዘመድ ያወጣኛል። እየተሳደብኩ ቤቴ መጣሁ፤ በማግሥቱ ሣጥኗን ይዤ በባጃጅ ተመለስኩ።

ስትጠግናት ሃያ ስንት ዓመት አጠገብህ ተቀምጬ አይቻለሁና አውቃለሁ ብዬ ነበር። መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ስንት ጊዜ የተናገርከውን ነው። አንድ ክር ስታወጪ አንድ ክር አስገቢ ትል ነበር፤ እኔ ግን እንደ አሮጌ ክፈፍ ስምንቱንም በአንድ ጊዜ ፈታኋቸው። ብርኩማዋ ተደፋች። ለካ ክሮቹ ተጭነው ነው እንጂ ምንም የያዛት ነገር የለም! ያቺን አንተ ስንት ጁምዓ የፈጀህባትን ቦታ በአንድ ደቂቃ አጠፋሁብህ። ሱቁ ውስጥ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። አዴር ጃማ ጥግ ሄዶ የማይሠራ ሬዲዮ ይነካካ ጀመር።

የማንዶላ ክር ድሬ ውስጥ የለም፤ የጊታር ክር በውፍረቱ መርጦ ሰጠኝ። ጫፉ ላይ ዶቃ የምታህል ነሐስ አለችው፣ እሷን በፒንሳ ጨፍልቆ ሲያወጡት ክሩ ላይ ቀለበት ይቀራል፣ ቀለበቷ መንጠቆው ላይ ትገባለች። አንተ ስታደርገው አይቻለሁ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ መጨፍለቁን ለኔ ሰጠኝ። ከሆዷ ሥር ያለችውን ክዳን በካቻቢቴ ስንፈታ የተቆረጠች ቀጭን ሽቦ አገኘን። እሷንም እሱ እየነገረኝ እኔ በየድኩ። መርፌ የለመደ እጅ አይፈራም። አብርቶ የክሩን ድምፅ የሚቀበለውን ማግኔት በካቻቢቴው ጫፍ ነካ ሲያደርገው ድምፅ ማጉያው ጧ አለ፣ ሁለታችንም ዘለልን። «አለች!» አለ። የታመመ ሰው ዓይኑን ሲገልጥ እንደሚባለው።

የጠፋውን የብርኩማ ቦታ ያገኘሁት በልብስ ሰፊነቴ ነው፤ በዚህ ብትኮራብኝ አይከፋኝም። ከአንገቷ ጫፍ እስከ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት፣ አንገቷን አቋርጣ እስከምታልፈው ቀጭን የብረት ዘንግ፣ በሜትር ለካሁ፣ ያንኑ ያህል ከፍሬቱ ወዲህ አጠፍኩ፣ እንደ ሱሪ እግር እኩል ለእኩል። በጨርቅ ሳሙናዬ አሰመርኩና ብርኩማዋን እዚያ አቆምኳት። ከዚያ የቀረውን ጆሮ ይጨርሰዋል። ባዶውን ክር መምታት፣ አሥራ ሁለተኛው ላይ ይዞ መምታት፤ አንዱ ከሌላው ጋር ካልተስማማ ብርኩማዋን የፀጉር ታህል መግፋት። አንተ ለምን ከሰዓቱን ሁሉ እንደምትፈጅ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ አራት ቀን ፈጀብኝ። ይቅር በለኝ፣ እኩል ጊዜ ያልኩህን አንስቻለሁ።

አንገቷን አዴር ጃማ ውስጧ የተቀበረውን ብረት ሩብ ዙር እያዞረ፣ እያሳደረ፣ በሳምንቱ አቀናት። የክሩ ከፍታ ግን የኔ ነበር። ሲበዛ ጣቴን ቆረጠኝ፣ ሲያንስ ክሮቹ ፍሬቱ ላይ ተንጫጩ። በመጨረሻ ሁለት እጥፍ ካኪ ጨርቅ በክሩ ሥር አሳልፌ፣ ሳይነካ ከገባ በቃ አልኩ። ጥንዶቹን በስልክ ቃኚ ልክ ለልክ ባደርጋቸው ድምፁ ደረቀብኝ፤ አዴር ጃማ፣ ሙክታር አንደኛውን ጥቂት ያላላዋል፣ ባልና ሚስት እንዴት አንድ ዓይነት ይሆናሉ ይል ነበር አለኝ። ባላላው ጊዜ ድምፅህ መጣ። አንተ በሌለህበት ድምፅህ ሱቁ ውስጥ መጣ። እጄን በአፌ ጫንኩ።

ከዚያ የቀረው መማሩ ነበር። የግራ እጄ ጣቶች ጫፋቸው ቆሰለ፣ ደረቀ፣ ጠነከረ፤ ሐር ጨርቅ ስነካ ይይዘኝ ጀመር። ኢድሪስ ሰማ፣ ሦስት ቀን አኮረፈ፣ አራተኛው ቀን መጥቶ የሚሰማ ነገር ካለ አሰሚኝ አለ። ሰምቶ ወጣ፤ በማግሥቱ ለግቢው ረጅም የኤሌክትሪክ ገመድ ገዝቶ ላከልኝ። የዜማዋን የመጀመሪያ ክፍል ያዝኩት። ሁለተኛው ክፍል፣ ያ ወደ ላይ የሚወጣው፣ አልሆነልኝም። ትንሿ ጣቴ አትደርስም። አራት ወር ሞከርኩ፤ ሰርጉ ሲቃረብ እንቅልፍ ያጣሁት በምግቡም በድንኳኑም አይደለም፣ በዚያች አንዲት ጣት ነው። ግማሽ ዜማ ይዤ ልጅህን ልሸኝ እንዴት እወጣለሁ?

ቀኑ ደረሰ። ግቢው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሐሊማ ራሷ የፊት ወንበር ይዛ መጥታለች፤ ዓይኗን ከማንዶላዋ አልነቀለችም። እኚያ ሂና የቀቡ አዛውንት ኒም ዛፉ ሥር ተቀመጡ። አዴር ጃማ ከማጉያው ጎን ሆኖ የድምፁን ቁልፍ ያዘ። ሂክማ በነጭ ድሪዕ ቀሚስ ከበር ብቅ ስትል ጀመርኩ። አንድ ቦታ ሳትኩ፣ ቀጠልኩ። ዜማዋ ወጣች። እሷም እንባዋን እየዋጠች አክስቶቿን አቀፈች፣ ኢድሪስን አቀፈች፣ ከዚያ ወደ እናቷ መጣች።

እናቷ ግን እጇ ተይዟል!

አየህ ጉዳችንን? አራት ወር ሙሉ ክርና ብርኩማ ስንል እኔም አዴር ጃማም ራሷ ሂክማም አንዳችንም አላሰብነውም። የሌሎቹ ሙሽሮች እናት እጇ ባዶ ነበር፤ የምትጫወተው አንተ ነበርክ። ሂክማ ፊቴ ቆማ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች፣ እኔ ክር ይዣለሁ። ያን ጊዜ ነው አንተ የታየኸኝ። ቀኑ ቢደርስልህ አንተም እዚያው ቦታ ላይ ቆመህ ይሄው ይገጥምህ ነበር፣ ወይ መጫወት ወይ ማቀፍ። አውቅሃለሁ፤ ትጫወታለህ፣ ከዚያ ዓመት ሙሉ ያንገበግብሃል።

እኔ አቆምኩ። ልክ ሁለተኛው ክፍል ሊጀምር ሲል፣ ማንዶላዋን በማንጠልጠያዋ ወደ ጀርባዬ አዞርኳትና ልጄን አቀፍኳት። ለቅሷችንን የሚሸፍን ነገር አልነበረም፤ የሁለታችን ሳግ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ይሰማል። ማፈሬንም አስታውሳለሁ።

ከዚያ አንዲት ሴት ከኋላ ጀመረች። ቃል የለውም፣ በአፏ ዜማውን ብቻ። ሁለተኛውን ክፍል። ፊቷን ዞሬ አላየሁም፣ ግን ሌላዋ ተቀበለቻት፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ግቢው በሙሉ። አንተ የሸኘሃቸው ናቸው፣ ሙክታርዬ። ግማሾቹ አሁን ልጅ የሚድሩ ሆነዋል፣ አንዷ ከጅቡቲ ነው የመጣችው። ዜማዋን ያስጠናቸው የለም፤ እያንዳንዷ እናቷን አቅፋ ስታለቅስ ሰምታ በዚያው ይዛት ቀርታለች። ያ ትንሿ ጣቴ ያልደረሰበትን ቦታ ሁሉ ደረሱበት። አዴር ጃማ የሚንቀጠቀጥ እጁን ማጉያው ጀርባ ላይ አሳርፎ ምት ሰጣቸው። እስከ መጨረሻው ወሰዷት፣ ድምፃቸውንም ከፍ አደረጉት፤ ለቅሷችንን ማንም አልሰማም።

መኪናው ሲሄድ አዛውንቱ ወደኔ መጥተው፣ መስክረናል፣ አሉኝ። ሐሊማ ደግሞ ማንዶላዋን በአንድ ጣቷ ነካ አድርጋ፣ በዚህች ነው እንዴ ያን ሁሉ ዓመት ያዘንኩልሽ አለችኝ።

አሁን ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ጸጥታው ግን አይከፋም። አንተን ለማስታወስ መማል አያስፈልገኝም፣ እንኳን እኔ የመጋላ ሴት ሁሉ በአፏ ይዛህ ትዞራለች። ቢሆንም የኔ ድርሻ ይህ ይሁን፤ ጁምዓ ከሰዓት ኒሙ ሥር አወጣታለሁ፣ አንዱን ክር ጥቂት አላላለሁ፣ የማውቃትን ግማሽ እጫወትልሃለሁ። ዱዓዬም ከሷ ቀድሞ ይደርስሃል፣ ቅደም ተከተሉን ለኢድሪስ ነግሬዋለሁ። ጉልበቴ እስከቻለ ይቀጥላል፤ ሲያቅተኝ ደግሞ ራሴ መጥቼ እነግርሃለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ ለሂክማም አልነገርኳትም። ያን ዕለት በሁለት እጄ ሳቅፋት፣ አንዱን ለኔ አንዱን ላንተ ብዬ ነው ያቀፍኳት። ያንተ ግራው ነበር፣ ክሩ ያጠነከረው። ልጅቷን አጥብቆ ይዞ አልለቅ ያለው እሱ ነው።

ፋጤ